የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት ከየት እስከ የት እንደሚቆጠር ይጻፍልን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ከአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ልዩ ልዩ የአገር ውስጥና የውጭ ከተሞች ያለውን ርቀትና የበረራ ሰዓት የሚያሳይ ሠንጠረዥ በማውጣታችሁ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ መረጃ በአማርኛ ተዘጋጅቶ መቅረቡ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ነገር ግን ሠንጠረዡ አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል፤ ርቀቱ በየትኛው መስመር እንደተለካ፣ ሰዓቱም ከምን ጀምሮ እስከ ምን ድረስ እንደተቆጠረ የሚገልጽ አንድም ቃል የለበትም። ከየት እስከ የት እንደሆነ ያልተነገረለት ቁጥር ደግሞ ትክክል ሆኖ ሳለም ሰውን ያሳስታል።

የምኖረው በከተማችን ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ሲሆን በዚያው አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በሰፈራችን አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ይሁንና ልጁን ዓረብ አገር የላከ፣ ወንድሙ አሜሪካ የሚኖር ወይም እናቱን ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚያስመጣ ቤተሰብ በየደጁ አለ። ቲኬት ሲቆረጥላቸው ወረቀቱን ይዘው እየመጡ፣ "መምህር፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል? መቼ ከቤት እንውጣ?" ብለው ይጠይቁኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእነሱ የሚሆነው መልስ በጋዜጣችሁ ላይ በሚገባ ተብራርቶ እንዲወጣ ስለምፈልግ ነው።

ከርቀቱ ልጀምር። ሠንጠረዡ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 335 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። በጎጃም መስመር አውቶቡስ የሚነዳ ጎረቤቴ ይህን ባየ ጊዜ፣ "ጋዜጣው ተሳስቷል፤ እኔ የምነዳው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አልተሳሳቱም። እሱ የሚቆጥረው የዓባይን በረሃ ወርዶ የሚወጣበትን፣ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚዞርበትን የአስፋልት መንገድ ነው፤ ሠንጠረዡ የሚቆጥረው ግን በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል በምድር ገጽ ላይ ሊሰመር የሚችለውን አጭሩን መስመር ነው። ድሬዳዋም እንዲሁ በአየር 345 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሆን በመኪና 500 ገደማ ትሆናለች፤ መቀሌ በአየር ከ500 ኪሎ ሜትር እምብዛም አትዘልም፤ በደሴ በኩል በመኪና ለሚሄድ ግን ከ750 በላይ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልዩነቱ የሚጎላው ላሊበላ ላይ ነው። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በስተ ሰሜን ቀጥ ብሎ ሊባል በሚችል አቅጣጫ ላይ ስለሚገኝ ተማሪዎቼ ርቀቱን ያለ ማንም እርዳታ ያሰሉታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የኬክሮስ ልዩነት ሦስት ዲግሪ ያህል ነው፣ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ 333 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በደሴና በወልዲያ ዞሮ በመኪና የሚሄድ ሰው ግን የዚህን እጥፍ ገደማ ይጓዛል።

"አጭሩ መስመር" የተባለውም ራሱ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው ቀጥታ መስመር አይደለምና። በክፍል ውስጥ ተማሪዎች ሉሉን ከብበው አንዱ የክሩን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላው ዋሽንግተን ላይ ይዘው ጠበቅ አድርገው ሲወጥሩት፣ ክሩ እነሱ እንደጠበቁት በምዕራብ አፍሪካ በኩል አይሄድም፤ ሱዳንንና ሊቢያን አቋርጦ፣ በስፔን በኩል ወጥቶ፣ አትላንቲክን ወደ ሰሜን ጎብጦ ይሻገራል። የዚያ ክር ርዝመት በምድር ላይ ሲቆጠር 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሠንጠረዡ ላይ ያሉት ርቀቶች ሁሉ የዚህ ዓይነት ርቀቶች ናቸው፤ የሚሰሉትም ከሁለቱ ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር የግርጌ ማስታወሻ ይህን ለአንባቢ ሊነግረው ይችል ነበር።

አውሮፕላኑ ግን በዚያች መስመር ላይ አይበርም፤ ይህም መነገር አለበት። የቦሌ ሁለት መንደርደሪያዎች ጎን ለጎን ሆነው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጉ ስለሆኑ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውሮፕላን በመጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ተነስቶ ከዚያ በኋላ ይዞራል፤ ከከተማው በስተ ሰሜን ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ተራራ ቆሟል። ሲደርስም ነፋሱ ወደሚፈቅደው የመንደርደሪያ ጫፍ ዞሮ መምጣት ሊኖርበት ይችላል። በመካከል ያለውም መንገድ አብራሪው እንደ ወደደ የሚመርጠው አይደለም፤ የተወሰኑ የአየር መስመሮች አሉ፤ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችም ያዛሉ። በረጅም በረራ ላይ ደግሞ የአገሮች ሁኔታ ይገባበታል። ከአዲስ አበባ ካይሮ 2,480 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አጭሩ መስመር የሚያልፈው በሱዳን ላይ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የአየር ክልሉ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ፤ በዚያ በኩል ያልፉ የነበሩ በረራዎችም በሌላ አገር ላይ ለመዞር ተገደዱ። በካርታ ላይ ካይሮና አዲስ አበባ አልተራራቁም፤ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ግን ዞሯል፤ ነዳጁም ደቂቃውም ጨምሯል።

ርቀት ሳይለወጥ መንገድ ሊረዝም እንደሚችል ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአስመራ በኩል ነበር። አስመራ ከአዲስ አበባ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ በረራ ነው። ሆኖም በ1990 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነት ምክንያት ቀጥታ በረራው ተቋርጦ ለ20 ዓመት ያህል ቆየ፤ ወንድሙን ለማየት የፈለገ ሰው ወደ ሦስተኛ አገር ወጥቶ፣ አውሮፕላን ቀይሮ መመለስ ነበረበት። በሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን ዳግም ሲሄድ ሰዎች ያለቀሱት ለዚህ ነው። በረራው በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና ቆመ። ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር "700 ኪሎ ሜትር" ብሎ ብቻ መጻፍ ለመንገደኛው ምንም አለመንገር ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። ሠንጠረዡ ባሕር ዳር 335 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ይላል። ተማሪዎቼ ይህን እንዳዩ አካፈሉትና፣ "አውሮፕላን በሰዓት 335 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው እንዴ የሚበረው?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የምናውቀው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ ቦይንግ 737 ደግሞ ከ800 ያልፋል። ታዲያ ቀሪው ጊዜ የት ሄደ? መልሱ በቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ የሚቆጠረው ከጎማው ሥር ታኮው ተነስቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ፣ በመድረሻው ቆሞ ታኮው እስኪደረግለት ድረስ መሆኑ ነው። በዚህ ውስጥ በመሬት ላይ እየተጓዘ እስከ መንደርደሪያው ጫፍ መድረስ፣ ከፊቱ ያሉትን አውሮፕላኖች ተራ መጠበቅ፣ ቀስ በቀስ ከፍታ መያዝ፣ ለማረፍ ከሩቅ ጀምሮ ፍጥነት እየቀነሱ መውረድ፣ ካረፉም በኋላ ወደ መቆሚያው መሄድ ሁሉ አለ። አየር መንገዶችም ለመዘግየት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ይይዙበታል። በአጭር በረራ ላይ አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበርበት ጊዜ ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው፤ ለዚህም ነው ባለ ጄት ሞተሩ አውሮፕላን እስከ ባሕር ዳር ወይም እስከ ጅማ ከኪው 400 የሚቀድመው በጥቂት ደቂቃ ብቻ የሆነው። እንግዲህ ርቀቱ የአንድ ነገር፣ ሰዓቱ የሌላ ነገር ልኬት ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያለ ማብራሪያ ማተም አንባቢው እንዲያካፍላቸው መጋበዝ ይሆናል።

ሠንጠረዡ ለመሄጃውም ለመመለሻውም ያንኑ የበረራ ጊዜ መስጠቱም አይበቃም። የዋሽንግተኑን በረራ እንመልከት። ርቀቱ ሲሄዱም ሲመጡም ያው 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። ሆኖም ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን በመንገዱ አውሮፓ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል፤ አንድ ሰሞን በሮም፣ ሌላ ሰሞን በደብሊን፤ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ምክንያቱ የምንኖርበት ደጋ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ክንፉ የሚያገኘው ማንሻም፣ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ያን ሁሉ መንገድ የሚያደርስ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ በአንድ ላይ ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። የዋሽንግተኑ ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ስለማይል ይህ ችግር የለበትም። በዚያ ላይ በሰሜን አትላንቲክ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ መጪውን ያግዛል፣ ሂያጁን ይጎትታል። ልጇን ለመጠየቅ የምትሄድ እናት መንገድ ላይ ሲያርፉ "ደረስን እንዴ?" ብላ ሻንጣዋን እንዳታነሳ ይህን አስቀድማ ብታውቅ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሰዓት ክልል ልዩነት አለ። በቲኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻውም በመድረሻው አገር ሰዓት ነው የሚጻፈው። ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ በሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በቲኬት ላይ በሚጻፈው በፈረንጆች ሰዓት አቆጣጠር፣ በእነሱ በጋ ከዚያ በረፋዱ 11:00 ተነስቶ 13 ሰዓት የበረረ አውሮፕላን እኛ ጋ በማግስቱ 07:00 ይደርሳል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ የሚያይ ሰው 20 ሰዓት የፈጀ ይመስለዋል። ወደዚያ ሲሄዱ ደግሞ በተቃራኒው ጉዞው ከእውነቱ አጥሮ ይታያል።

የራሳችን ሰዓት አቆጣጠር የሚያመጣው ጣጣ ግን ከዚህ ይብሳል፤ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። አንዲት ጎረቤታችን ወንድሟ ድሬዳዋ ላይ ሞቶባት ለቀብር ለመድረስ በጥድፊያ ቲኬት አስቆረጠች። ቲኬቱን የቆረጠላት ቢሮ በስልክ "ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው" አላት። ወረቀቱ ላይም 07:10 ተብሎ ተጽፏል። እሷ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው ብላ፣ ሌሊቱን ለቀስተኛ ስትቀበል አድራ፣ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከቤት ስትወጣ አውሮፕላኑ ሄዷል፤ በእኛ አቆጣጠር የሚነሳው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ነበርና። ድሬዳዋ በአየር የአንድ ሰዓት መንገድ ሆና ሳለ የወንድሟን ቀብር ሳታይ ቀረች። ይህ በእሷ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ተመሳሳይ ነገር ሰምቻለሁ። ለአገር ውስጥ መንገደኛ ቲኬት ሲቆረጥ "ከጠዋቱ 1:10" ተብሎ በአማርኛ በጎን ቢጻፍ የሚያስወጣው ወጪ የለም። ጋዜጣችሁም የበረራ ሰዓት ሲያትም ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲያደርግ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ሠንጠረዡ ጨርሶ የማያነሳው በመሬት ላይ የሚጠፋው ጊዜ ነው። ለቦሌ ነዋሪ አውሮፕላን ማረፊያው በደጁ ነው። የከተማ ዳርቻ ሰው ግን ከሰበታ በአለም ገናና በአየር ጤና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ከለገጣፎ በሲኤምሲ፣ ከእኛም በቃሊቲ በኩል ነው የሚመጣው። በጠዋቱ 1:10 ለሚነሳ አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይገባል፤ ይህም ሌሊት 11:10 ማለት ነው። በዚያ ሰዓት አውቶቡስም ሚኒባስም ከሰፈራችን አይገኝም፤ ከዋዜማው የኮንትራት መኪና መነጋገር የግድ ነው። ከደረሱ በኋላ ሸኚ በመጀመሪያው ፍተሻ በር ላይ ይቀራል፤ መንገደኛው ጫማና ቀበቶ አውልቆ ሻንጣውን በማሽን ያሳልፋል፣ ሻንጣ ያስመዝናል፣ ሁለተኛ ይፈተሻል፣ ይጠብቃል። በመድረሻውም ሻንጣ ጠብቆ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማው መኪና መፈለግ አለ። የአንድ ሰዓቱ በረራ ከሰበታ ቤት ደጃፍ እስከ ባሕር ዳር ቤት ደጃፍ ሲቆጠር አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይሆናል። ያም ሆኖ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ከመዋል በእጅጉ ይሻላል፤ ለታመመ ሰውማ የሚወዳደር አይደለም። የምለው አንድ ሰዓት ተብሎ ተነግሮት አንድ ሰዓት ያቀደ ሰው እንዳይንገላታ ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ዳግመኛ ሲታተም ርቀቱ በአየር አጭሩ መስመር መሆኑ እንዲገለጽና የመኪናው ርቀት አብሮ እንዲጻፍ፣ ሰዓቱ ከመቆሚያ እስከ መቆሚያ የሚቆጠር መሆኑ እንዲነገር፣ መሄጃና መመለሻው በሚለያይበት መስመር ሁለቱም እንዲወጡ፣ ከከተማው ዳርቻ ለሚነሳ ሰውም ከቤት የሚወጣበት ሰዓት በግምት እንዲጠቆም እለምናለሁ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለዳርቻ ነዋሪዎች ወደፊት የበለጠ ክብደት ይኖረዋል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የሚሠራው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ዕቅዱ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል፤ የቦሌ አቅም 25 ሚሊዮን ነው። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ በመሆኑ ከላይ ያነሳሁት የስስ አየር ችግርም ይቃለላል፤ አውሮፕላኖች የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይዘው ሊነሱ ይችላሉ። በዚህ ደስ የማይለው ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን በየዜናው "ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር" እየተባለ ሲነገር ከየትኛው አዲስ አበባ እንደሆነ አይነገርም። ለቱሉ ዲምቱና ለገላን ነዋሪ መንገዱ የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከደጁ ይነሳል፤ ለሱሉልታና ለቡራዩ ነዋሪ ግን ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ከዚያ በኋላ የሚጀምር መንገድ ነው። በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት፣ ያውም በጠዋትና በማታ የመኪና ጭንቅንቅ ሰዓት ተለክቶ ከየአቅጣጫው ሊነገረን ይገባል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች አብረው የሚሠሩበት ጊዜ ከኖረ፣ ከጅማ ወይም ከአርባ ምንጭ መጥቶ ቦሌ የወረደ መንገደኛ ከቢሾፍቱ ወደ ጅዳ ሊሳፈር ይችላል ማለት ነው። በእነዚህ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል የሚኖረው መንገድ በምን ይሸፈናል? ሻንጣውን መንገደኛው ራሱ ይጎትታል ወይስ አየር መንገዱ ያሻግርለታል? በትራንዚት ሰዓቱ ውስጥስ ምን ያህል ይያዝለታል? ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው አቅርባችሁ የሚሰጡትን መልስ በዓምዳችሁ ላይ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የጂኦግራፊ መምህር
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ